ያለ ላብራቶሪ የሯጮችን አቅም መለካት

ሰላም ወንድሜ። ሐዋሳ ላይ የልጆቹን አቅም ያለ ላብራቶሪ እንዴት ልለካ ላልከው፣ ሜዳና የእጅ ሰዓት ይበቃሃል።

ለኤሮቢኩ፣ ማለትም በኦክስጅን ለሚሠራው የረጅም ሩጫ አቅም፣ የኩፐር ፈተና የሚባለውን የ12 ደቂቃ ሩጫ የቻሉትን ያህል ርቀት አስሩጣቸው። ከሮጡት ሜትር ላይ 504.9 ቀንስና ለ44.73 አካፍል። 2800 ሜትር የሄደ ልጅ 51.3 ገደማ ይወጣለታል። ይህ ሰውነቱ በደቂቃ ለአንድ ኪሎ ክብደት የሚጠቀመው ከፍተኛ ኦክስጅን ግምት ነው፣ በሚሊ ሊትር።

ለአናኤሮቢኩ፣ ማለትም ኦክስጅን ሳይጠብቅ ለሚሠራው የአጭር ፈጣን ሩጫ አቅም፣ 35 ሜትር 6 ጊዜ በሙሉ ኃይል፣ በየመሃሉ 10 ሰከንድ ብቻ እረፍት። እኔ አብልጬ የማየው የፍጥነቱን መውረድ ነው። በ5 ሰከንድ የጀመረው ልጅ 6ኛው ላይ ጉልበቱን ይዞ ሲያጎነብስ ሰዓቱ ብዙ ይነግርሃል። በደንብ አሟሙቃቸው፣ አለዚያ ጡንቻ ይጎዳል።

ሁለቱን በአንድ ቀን እንዳታደርግ፣ አደራ። ሐዋሳ 1700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ውጤቱን ከቆላ አገር ሠንጠረዥ ጋር ሳይሆን ከልጁ ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር አወዳድር።