ሰብሳቢ የማይናገርበት ስብሰባ

ጥያቄ፦ እንደምን ከረሙ እትዬ? የምሠራው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ነው። ሠራተኛው በየዓመቱ ይሰበሰባል። ሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ያነባሉ፣ ሁለት ሦስት ሰው ይናገራል፣ ሌላው ስልኩን ይጎረጉራል። ዘንድሮ ተሳታፊው ራሱ አጀንዳ የሚያወጣበት ስብሰባ እንሞክር ብል «እንግዲያው አንተው ምራው» ተባልኩ። ከጥበቃ እስከ ሒሳብ ክፍል 60 ያህል ነን። ማንም አጀንዳ ባያወጣስ? ደግሞ ታላላቆች እየተናገሩ ተነስቶ ወደ ሌላ ቡድን መሄድ በእኛ አገር ነውር ነው። ምን ይመክሩኛል?
ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዕድሉን መስጠታቸው ትልቅ ነገር ነው። እኔም እዚያው ጎጃም እንዲህ ያሉ ስብሰባዎችን አመቻችቻለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

ዘዴው ኦፕን ስፔስ ይባላል። ያወጣው አሜሪካዊው ሃሪሰን ኦወን ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1983 አንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለማዘጋጀት ዓመት ሙሉ ደከመ። ጉባኤው ሲያልቅ ግን ሰው ከሁሉ የወደደው የቡና እረፍቱን ሆኖ አገኘው። በ1985 አጀንዳው በዚያው ጠዋት ከተሳታፊው የሚወጣበት ስብሰባ ጠራ። ሰው በክብ ይቀመጣል። ጉዳይ ያለው መሃል ገብቶ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ስሙንና ጉዳዩን ይናገራል፣ ሰዓትና ቦታ መርጦ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ሌላው የወደደው ላይ ይመዘገባል፤ ሰዓቱ ሲደርስ በየቡድኑ ሆኖ ይወያያል። ከሺህ በላይ ሰው እንኳ በዚህ መንገድ ተሰብስቧል፤ 60 ሰው አያስፈራህ።

ነገሩ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው ግን አዳራሽ ከመግባትህ በፊት ነው። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግባና መጀመሪያ ጥያቄውን ጨርሱ። «የዩኒየናችን የወደፊት አቅጣጫ» ማንንም አያናግርም። «በሚመጣው ክረምት ማዳበሪያው በጊዜ ገበሬው እጅ እንዲገባ ምን እናድርግ?» ብትል ግን ሾፌሩም፣ መጋዘን ጠባቂውም፣ ሚዛን ላይ የሚቆመው ልጅም የሚለው አለው። ማዳበሪያ ሲዘገይ ገበሬው የሚቆጣው እነሱን ነዋ! ከዚያ ምኑ ክፍት ምኑ ዝግ እንደሆነ ሥራ አስኪያጁ በአፋቸው ለሠራተኛው ይንገሩ። በጀቱ አስቀድሞ ከተወሰነ «ተወስኗል» ይበሉ። የተወሰነ ነገር ይዞ ሰውን «ተወያዩበት» ማለት ግፍ ነው። ሁሉም ተወስኖ ከሆነ ይህን ስብሰባ አትጥራ፤ ሪፖርቱ ይነበብና ሰው ወደ ሥራው ይሂድ። ጥሪውም በፈቃድ ይሁን። «አለመገኘት ያስጠይቃል» የሚል ደብዳቤ ወጥቶ ነፃ ውይይት የለም።

«ማንም ባያወጣስ?» ላልከው፣ ጥያቄው የእነሱ ከሆነ ይወጣል። መጀመሪያ ግን ጸጥ ይላል፤ ጸጥታውም ይከብዳል። ያኔ ዝም በል። «እስቲ አቶ እገሌ» አትበል፣ ምሳሌም አትስጥ። ፍኖተ ሰላም ላይ እንዲሁ ጭጭ ሲል ሊቀመንበሩ ሊናገሩ ብድግ አሉ። በዓይኔ ለመንኳቸው፤ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይታ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነጠላዋን አጣፍታ መሃል ገባች። መጻፍ ስለማትችል አጠገቧ የነበረው ልጅ ጻፈላት፦ «የሴቶች ሽንት ቤት ቁልፍ ማን ጋ ነው የሚውለው?» ሰው ሳቀ። ከሰዓት ግን በእሷ ቡድን መቀመጫ ጠፋ። ለካ እህል ሊያስረክቡ የሚመጡ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ወረፋ ይዘው ሲውሉ የሚሄዱበት የላቸውም! ስንት ሪፖርት ተነቦ ይህ አንድም ቀን አልተነሳም ነበር። አንተም ጽሑፍ ለማይችሉ ጸሐፊ ቀድመህ አዘጋጅ።

የነውሩ ነገር እውነትህን ነው። የኦወን ሕግ፣ የማትማርበት ወይም የማትጠቅምበት ቦታ ከሆንክ በእግርህ ወደ ሌላው ሂድ ይላል። ይህን ብቻ ግድግዳ ላይ ብትለጥፈው፣ አያ እገሌ እየተናገሩ ማን ይነሳል? እኔ ጠዋት በክቡ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጡትን «ዛሬ ተነስቶ የሚሄድ አልናቀኝም በሉልን» ብዬ እለምናለሁ። ፈቃዱ ከእሳቸው ከመጣ ሰው ይነሳል። ቡናውም ከቡድኖቹ መሃል ይፈላ፤ ስኒ ይዞ መንቀሳቀስ ማንንም አያስቀይምም። ሥራ አስኪያጁም አንድ ቡድን ላይ ተተክለው አይዋሉ። እሳቸው ባሉበት ሰው ቃሉን ይመርጣል።

ወንበሩ ከወለሉ ጋር የታሰረ አዳራሽ ከሰጡህ ዛፍ ጥላ ሥር ውጡ። ለአንድ ቡድን ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ለመነጋገር አንድ ቀን በቂ ነው፤ የሥራ ዕቅድም ከፈለጋችሁ ሁለተኛ ቀን ጨምሩ።

ጉዳዩን ያነሳው ሰው ግማሽ ገጽ ያስጽፍ፦ ምን ተባለ፣ ማን ምን ሊሠራ ተረከበ። በዚያው ቀን ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ለሁሉም ይታደል። «ቃለ ጉባኤው ይላካል» ከተባለ አይመጣም። ሳትበተኑም ሥራው የሚታይበትን ቀን ቁረጡ። መጋቢት ሳያልቅ ይሁን፤ የማዳበሪያው ሩጫ ከጀመረ ማንንም አታገኝም።