ስላይዱ ሁሉ ሲቀላ

አንዲት የድህረ ምረቃ ተማሪ ከደብረ ማርቆስ ጽፋልኛለች። በጫጩት ሽል የውስጥ ጆሮ ላይ ካርቦሃይድሬቱ የት የት እንዳለ ለማየት ፓስ የሚባለውን ቀለም ትጠቀማለች፤ ስላይዱ በፔሪዮዲክ አሲድ ያልፍና ሺፍ የሚባል ማቅለሚያ ውስጥ ይገባል። ቲሹው ግን ከዳር እስከ ዳር ይቀላል። ግላይኮጅንን (የተከማቸ ስኳርን) በሚበላው ኢንዛይም፣ በዳያስቴዝ፣ ያሳለፈችውም ያው ነው። ጥፋቱ የሺፉ ይሆን ወይ ትላለች። ሽሎቹን ያቆየችው በፎርማሊን ሲሆን፣ «እንዲጠነክር» ተብሎ ግሉታራልዴሃይድ ተጨምሮበታል።

እህቴ፣ ሺፉን ተዪው። እኔ የምጠረጥረው ግሉታራልዴሃይዱን ነው። አንድ ስላይድ ፔሪዮዲክ አሲዱን ዝለዪና በቀጥታ ሺፍ ውስጥ ክተቺ። እሱም ከቀላ ጥፋተኛው ተገኘ።

ይቺን ነገር በደንብ ያዥልኝ። ሺፍ ስኳር አያውቅም፤ የሚያውቀው አልዴሃይድ ብቻ ነው። ፔሪዮዲክ አሲድ ስኳሩ ላይ ጎን ለጎን ሃይድሮክሲል የያዙ ሁለት ካርቦኖችን ይለያያል፤ እዚያ ቦታ አልዴሃይድ ይወጣል። ሺፍ የሚቀላው በዚያ ነው። ግሉታራልዴሃይድ ደግሞ ሁለት እጅ እንዳለው ሰው ነው። በአንዱ የቲሹውን ፕሮቲን ይጨብጣል፣ ሌላው ብዙ ጊዜ ባዶውን ይቀራል። ሺፍ ያንን ባዶ እጅ ይይዛል። ዳያስቴዝ ግላይኮጅኑን ጠራርጎ ቢበላም ቀይነቱ የማይለቀው ለዚህ ነው።

የላብ ጓደኛሽ የሺፉን ጊዜ ወደ 3 ደቂቃ ማሳጠሩ እውነተኛውንም ቀለም ነው ያደከመው። የሴል ኒውክለስን ሰማያዊ የሚቀባውን ሄማቶክሲሊን ማብዛቱ ደግሞ ጉዱን መሸፈን ነው፤ እንዲህ ያለ ጥገና ያናድደኛል።

መፍትሔው ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ነው፤ ያንን ባዶ እጅ ሺፍ እንዳይይዘው ይዘጋዋል። ሰሙን አውጥተሽ ውሃ ካስገባሽ በኋላ፣ ከፔሪዮዲክ አሲዱ በፊት፣ ያኔውኑ በተበጠበጠ 0.1% ውስጥ 30 ደቂቃ ገደማ አቆዪው። ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣዋል፤ ዕቃውን አጥብቀሽ አትክደኚ፣ እሳት አታስጠጊ። አረፋው ቲሹውን ከስላይዱ ያስነሳል፤ ርካሽ ስላይድ ላይማ ወዲያው ይላጣል። ቲሹውን አጥብቆ የሚይዝ ፖሊላይሲን የተቀባ ስላይድ ፈልጊ።

በደንብ እጠቢና 0.5% ፔሪዮዲክ አሲድ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በተጣራ ውሃ ማለቅለቅ፣ ሺፍ 15 ደቂቃ፣ የቧንቧ ውሃ 10 ደቂቃ። ሺፉ ከፍሪጅ እንደወጣ አይሁን፤ በደብረ ማርቆስ ብርድ ላይ ተጨምሮ ቀለሙን ያዘገየዋል። ጠርሙሱ ውስጥ ራሱ ሮዝ ከሆነ ጣይው፤ ደህናው ሺፍ ቀለም የለውም ወይም በጣም የገረጣ ቢጫ ነው። አሲዱን የዘለልሽበትን ስላይድ ሁልጊዜ አብረሽ አሂጂ፤ ነጭ እስኪቀር ድረስ ሌላውን አትመኚ። ግላይኮጅን ከሞላበት ከጉበትም ቁራጭ ጨምሪ፤ ዳያስቴዙ መሥራቱን የሚነግርሽ እሱ ነው።

ሌላው፣ የውስጥ ጆሮው ግማሽ ክብ ቦዮች ሲሠሩ ሃያሉሮናን የሚባለው ረጅም የስኳር ሰንሰለት ትልቅ ሥራ አለው። ፓስ ግን እሱን አያሳይሽም። ለእሱ አልሺያን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም በፒኤች 2.5 ቀቢ፣ ጎረቤቱን ስላይድ ሃያሉሮናንን በሚበላው ኢንዛይም፣ በሃያሉሮኒዴዝ፣ አስቀድመሽ አሳልፊ። ፒኤች 1.0 ላይ የሚቀለመው ሰልፌት ያለው ካርቦሃይድሬት ብቻ ነው፤ ሃያሉሮናን ደግሞ ሰልፌት የለውም።

ለሚቀጥለው ሽል 10% በፈር ያለው ፎርማሊን ይበቃል። ቦሮሃይድራይዱን ደግሞ ደግሜ እላለሁ፦ በተራው ቀጥሎ የተቀመጠው ዕቃ አሲድ ነው። ሁለቱ እንዳይገናኙ። በመካከላቸው የውሃ ዕቃ አስቀምጪ፣ መስኮቱንም ክፈቺ።