ጥያቄና መልስ፦ ዓይኗ አረፋ የሚደፍቅ ዶሮና ሌሎችም

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ድሬ ሳቢያን ነኝ። ጓሮዬ ውስጥ 12 ቦቫንስ የሚባሉ የእንቁላል ዶሮዎች አሉኝ፣ እንቁላላቸውም እስካሁን ጥሩ ነበር። ሰሞኑን ግን አራቱ ዓይናቸው ጥግ ላይ የሳሙና አረፋ የመሰለ ነገር እየወጣቸው ነው፣ ያነጥሳሉ፣ አንዷማ አንድ ዓይኗ ጭራሽ ተከድኗል። መብላት ቀንሰዋል እንጂ አላቆሙም፣ የሞተም የለም፣ ፊታቸውም አይገማም። ቤታቸው ቆርቆሮ ሆኖ ሥሩ ሰጋቱራ ነው፣ ድመት ስለምፈራ ማታ ማታ ዙሪያውን በጆንያ ሸፍኜ ነው ማሳድራቸው። ጎረቤቴ ሎሚ ጠብ አድርጊበት ትላለች፣ ወንድሜ ደግሞ ከሰው ፋርማሲ የዓይን ጠብታ ገዝቶ መጣ። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ አቦ ሎሚውን ለሰላጣ ተዪው፣ የቆሰለ ዓይን ላይ ሎሚ ማለት ስቃይ መጨመር ነው። የወንድምሽን ጠብታ ካርቶኑን አንብቢው፣ ዴክሳሜታዞን ወይም ሌላ ስቴሮይድ ካለበት አትንኪው፣ ምክንያቱም የተከደነው ዓይን ብሌኑ ላይ ቁስል ካለ ስቴሮይድ ያባብሰዋል። ተራው የ1 ፐርሰንት ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ከሆነ ግን ሐኪም እስክታገኚ ድረስ ይጠቅማል።

እኔ ግን ከመድኃኒቱ በፊት ጆንያው ነው ያሳሰበኝ። ድሬ ሙቀት ላይ፣ ቆርቆሮ ሥር፣ ዙሪያው ተሸፍኖ፣ ውስጡ እርጥብ ኩስ... ሌሊቱን ሙሉ ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ የሚባል ጋዝ እዛው ተከማችቶ ነው ሚያድረው። ነገ ጠዋት በሩን እንደከፈትሽ ቁጢጥ በይና ጭንቅላትሽን በዶሮዋ ቁመት ዝቅ አድርገሽ አሽትቺ፣ ቆመሽ ከላይ ስታሸቺ ላይታወቅሽ ይችላል፣ ብዙ ከቆየሽበትም አፍንጫሽ ስለሚለምደው መጀመሪያ የመጣልሽን ሽታ እመኚ። አፍንጫሽን ከመታሽ ወይም ዓይንሽን ከቆጠቆጠሽ የነሱ ዓይን ከተጎዳ ቆይቷል ማለት ነው። ጆንያውን አውልቂና በቦታው ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ምቺበት፣ ድመቱም አይገባም አየሩም ይተላለፋል፣ በተለይ ከጣሪያው ሥር ያለው ክፍት ይሁን። ውሃ መጠጫቸው አካባቢ ያለውን የረጠበ ሰጋቱራ ዛሬውኑ አውጪና ደረቅ ተኪበት። እግረ መንገዴን፣ ኖራ ነስንሺበት የሚልሽ አይጠፋም፣ ዶሮዎቹ ውስጥ እያሉ እርጥብ ኩስ ላይ ኖራ ከነሰነስሽ ጋዙን ይብስ ያስወጣዋል።

አረፋውና ማነጠሱ አንድ ላይ መምጣታቸው ደግሞ ማይኮፕላዝማ የሚባለውን ያስጠረጥራል። ቀስ ብሎ የሚሄድ የመተንፈሻ በሽታ ነው፣ ቶሎ አይገልም፣ ግን እንቁላል ይቀንሳል፣ ዳነች የተባለችዋም ዶሮ ጀርሙን ይዛ ትቀራለች፣ በእንቁላሏም ወደ ጫጩት ታስተላልፋለች። አሞኒያው ነው መንገዱን የሚከፍትለት፣ ስለዚህ አየሩ ሳይስተካከል መድኃኒት ብቻ ብትሰጪ ተመልሶ ነው ሚመጣው። ታይሎሲን ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል፣ መጠኑን ግን የእንስሳት ሐኪም ይንገርሽ፣ ሱቅ ላይ በግምት "አንድ ማንኪያ" እየተባለ ሚሰጠውን ተዪው። ፊታቸው አብጦ ከአፍንጫቸው የሚገማ ነገር ቢወርድና በቀናት ውስጥ ሁሉንም ቢያዳርስ ኮራይዛ የሚባለው ሌላ የመተንፈሻ በሽታ ነው የምልሽ ነበር፣ ያንቺዎቹ አልሸተቱም ስላልሽ ወደሱ አልሄድኩም። ድንገት መሞት፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አንገት መጠማዘዝ ካየሽ ግን ፈንግልን ጠርጥሪ፣ ለዛ መድኃኒት የለውም፣ ክትባት ብቻ ነው፣ ቀድሞ።

አራቱን ለብቻ አድርጊያቸው፣ መጀመሪያ ጤነኞቹን አብልተሽ በመጨረሻ ወደነሱ ሂጂ። ዓይናቸውን ለማጠብ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተሽ ከሻይ ማንኪያ በትንሹ ጎደል ያለ ጨው ጨምሪበት፣ ለብ ሲል በጥጥ እያራስሽ ጥቂት አቆይበት፣ ሲላላ ራሱ ይከፈታል፣ በጥፍር አትፈልቅቂው። ለእያንዳንዱ ዓይን አዲስ ጥጥ። ከዛ ቅባቱ።

ጥያቄ፦ ከሐረር ጀጎል ነው። የሀበሻ ዶሮዎች አሉኝ፣ ግቢው ጠባብ ስለሆነ አይለቀቁም፣ ምግባቸው ማሽላና የእንጀራ ፍርፋሪ ነው። የአንዷ ዓይን ሥር ነጭ አይብ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ጫጩቶቹ ደግሞ የዓይናቸው ቆዳ ላይ ጥቁር ነገር ወጥቶባቸዋል፣ ኪንታሮት ይሁን ቅማል አልገባኝም።

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ነገር ነው ያለህ። አይቡ በአብዛኛው ከቫይታሚን ኤ ጋር ይገናኛል፣ ማሽላም ነጭ በቆሎም ይሄ ነገር የላቸውም ማለት ይቻላል፣ ሜዳ ላይ የምትጭር ዶሮ ከሣሩ ታገኘዋለች፣ ያንተዎቹ ግን ታስረዋል። ጎመን ከትፈህ ስጣቸው፣ ሽፈራው ካገኘህ ቅጠሉ በጣም ጥሩ ነው፣ ከሐረማያ በኩል የሚመጣው ካሮት ተፈቅፍቆ፣ የበሰለ ፓፓያም ይሆናል። የጫት ገረባ አልኩህ እንዴ? አላልኩም፣ ገረባው ለፍየል ይሁን። አይቡን በላይኛው የጨው ውሃ አላልተህ አውጣው፣ በጣም ከደረቀ ሐኪም ያውጣው፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ስላለ ለናንተ ሩቅ አይደለም።

ጫጩቶቹን በብርሃን ጠጋ ብለህ እያቸው። ጥቁሮቹ ነጥቦች የተሰካ ነገር ከሆኑ፣ እግር ካላቸውና በጣት ስትገፋቸው ካልተነሱ፣ ዓይን ዙሪያና ኩክኒ ላይ አፉን ሰክቶ የሚቀር የዶሮ ቁንጫ ነው፣ ቫዝሊን ወፍራም አድርገህ ቀባባቸው፣ አየር ያጣል፣ ይሞታል፣ ቤቱን ካላጸዳህ ግን ሌላው ይሰካል። ሻካራ ቅርፊት ከሆነ ግን የዶሮ ፈንጣጣ ነው፣ ቢንቢ ነው በብዛት የሚያዛምተው፣ ከዝናብ በኋላ ሚበዛውም ለዛ ነው። ቅርፊቱን አትላጠው፣ ይደማል፣ ቫይረሱም ቅርፊቱ ውስጥ ረዥም ጊዜ ይቆያል። በሦስት አራት ሳምንት ብዙዎቹ ራሳቸው ይድናሉ፣ አንተ ዓይናቸው እንዳይታፈን እያጠብክ ማየት ያልቻለችውን በእጅህ አብላት አጠጣት፣ በበሽታው ሳይሆን በረሃብ ነው ብዙ ጊዜ ሚሞቱት። አፋቸው ውስጥ ቢጫ ልጥፍ ነገር ካለ ግን ቶሎ ሐኪም ጋ። ላልታመሙት የክንፍ ቆዳ ላይ የሚወጋ ክትባት አለ።

ጥያቄ፦ ትናንት የፈንግል ክትባት ዓይናቸው ላይ ጠብ ተደረገላቸው፣ ዛሬ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ያነጥሳሉም። እንቁላላቸውስ ይበላል? (ድሬ፣ ገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ጠብታው ነው፣ ሕያው ክትባት ስለሆነ ጥቂት ቀን እንዲህ ያደርጋቸዋል፣ ሳምንት ካለፈው ወይም ምግብ ካቆሙ ብቻ አሳያቸው። በነካህበት እጅ የራስህን ዓይን አትሸው፣ ሰውንም ያቀላል። እንቁላሉን በደንብ አብስለህ ብላ። አንቲባዮቲክ የተሰጣት ዶሮ እንቁላል ግን መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልቅ አይበላም፣ አይሸጥምም።