ሸክላዎቹን እንዳትጥል፣ ሳህኑን አንስተህ እይ

አንድ የኮምቦልቻ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል። «ጋሼ፣ ደሴ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች 14 የፈረንጅ ኦርጋን ሸክላዎች በርካሽ ገዛሁ። ማጫወቻዬ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ፣ የአጎቴ የነበረ አሮጌ ዕቃ ነው። የአማርኛ ዘፈን ሳጫውትበት ደህና ነው። ኦርጋኖቹ ላይ ግን ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ሸክላው አንድ ጊዜ ሲዞር አምስት ጊዜ ያህል ቆጥሬያለሁ። ጠዋት ይብስበታል፣ ሲሞቅ ይሻለዋል። አንድ ጠጋኝ መርፌውን የያዘው ክንድ ላይ ሳንቲም ለጥፎ ሰጠኝ። ምንም ለውጥ የለም። ሸክላዎቹ አልቀው ይሆን? አንዱማ በየዙሩ አንዴ ረጅም ዋይታ ያሰማል።»

ወንድሜ፣ ሸክላዎቹ አላለቁም። «አምስት ጊዜ» የምትለው ላይ ስደርስ በሽታው ታወቀኝ። ሸክላው ከሚቀመጥበት ሳህን ስር ያለችው ትንሿ የጎማ መንኮራኩር ጎድጉዳለች።

የሻንጣ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ ቺንጋ የላቸውም። ሞተሩ ይችን ጎማ ያዞራል፣ እሷ ደግሞ የሳህኑን ጠርዝ ከውስጥ እየገፋች ታዞራለች። ሳህኑ አንዴ ሲዞር እሷ አምስት ጊዜ ያህል ትዞራለች። አጎትህ ማጫወቻውን ፍጥነቱን 33 (በደቂቃ 33 ዙር) ላይ እንዳደረገ ዘግቶ አስቀምጦት ይሆናል። የሞተሩ ዘንግ ጎማዋን አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ዓመታት ከረመ። እዚያ ቦታ ላይ ጎድጓዳ ወጣባት። አሁን በዞረች ቁጥር ሳህኑን አንድ ጊዜ ታደናቅፈዋለች። ጠዋት የሚብሰው ላስቲኩ በብርድ ስለሚደርቅ፣ የሳህኑ መሀል ዘንግ ግራሶም ስለሚረጋ ነው። እኔ ጋ ደሴ፣ በጥቅምት ብርድ፣ ጭራሽ መዞር የሚያቅታቸው ይመጣሉ።

ከመክፈትህ በፊት አንድ ነገር። ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀል። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም። ከእነዚህ የድሮ የአውሮፓ ማጫወቻዎች አንዳንዶቹ ትራንስፎርመር የላቸውም፣ የውስጥ ብረታቸው ከመብራቱ ገመድ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ባለ ሁለት እግሩ ሶኬት ደግሞ ተገልብጦም ይገባል። ማብሪያው የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። ጠፍቶም 220 ቮልት ብረቱ ላይ ሊኖር ይችላል።

አሁን የጠየቅከኝ ዋናው ነገር፣ ለምን ኦርጋኑ ላይ ብቻ? ይህን ማስረዳት ደስ ይለኛል።

የአምባሰል ዘፋኝ ድምጿን ስታወዛውዝ ጆሯችን ያንን ይከተላል። ማሲንቆም እንደዚያው፣ ጣት ገመዱ ላይ ይንሸራተታል። በዚህ መሀል ማጫወቻው ትንሽ ቢደናቀፍ ማን ያውቅበታል? የኦርጋን ድምፅ ግን እጅ እስኪነሳ ድረስ ቀጥ ብሎ ይቆያል። እኛ ኪቦርዱንም ኦርጋን እንላለን፣ እኔ የምልህ ግን ሃሞንድ የሚባለውን ነው። ከሸክላዎችህ ሽፋን ብዙዎቹ ላይ ይህን ስም ታገኛለህ ብዬ እገምታለሁ። ሎረንስ ሃሞንድ የተባለ አሜሪካዊ በ1930ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሠራው ነው። ሰውዬው ከዚያ በፊት የኤሌክትሪክ ሰዓት ይሠራ ነበር። ኦርጋኑንም በዚያው ዘዴ ሠራው። ውስጡ ጥርስ ያላቸው 91 የብረት መንኮራኩሮች አሉ። እያንዳንዱ ማግኔትና ጥቅል ሽቦ አጠገብ ይዞራል። ጥርሱ ባለፈ ቁጥር ሽቦው ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይነሳል፣ ድምፁ ያ ነው። ለምሳሌ አንዱ መንኮራኩር 16 ጥርስ አለው፣ በሰከንድ 27.5 ጊዜ ይዞራል። አባዛው፣ 440 ይመጣል። ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን የሚቃኙበት ድምፅ ይህ ነው። ሁሉንም የሚያዞረው አንድ ሞተር ነው። ፍጥነቱ እንደ ሰዓት ከመብራቱ ድግግሞሽ ጋር የታሰረ ነው፣ አይዛነፍም።

ስለዚህ ከሃሞንድ የሚወጣው ድምፅ ከተንቀጠቀጠ ወይ ተጫዋቹ ፈልጎታል ወይ ማጫወቻህ ታሟል። ተጫዋቹ የፈለገው በምን ይለያል? በፍጥነቱ። ሌስሊ የሚባል ድምፅ ማጉያ አለ፣ ቀንዱ ውስጡ ይሽከረከራል። ቀስ ሲል በሰከንድ አንድ ዙር እንኳ አይሞላም። ሲፈጥን ስድስት ሰባት ዙር ይሄዳል። ያንተ ግን በሰከንድ ሦስት ያህል ነው። 33 ላይ ሸክላው አንዴ ለመዞር 1.8 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ በዚያ ውስጥ አምስት ጊዜ። ከሁለቱም የሌስሊ ፍጥነቶች ጋር አይገጥምም። ጎማዋን የጠረጠርኳት በዚህ ነው። ደግሞም ሌስሊ ኖሮበት ቢሆን አንዳንዱ ዘፈን ላይ ይመጣል፣ አንዳንዱ ላይ ይጠፋል። ያንተ 14ቱም ላይ አለ።

ወደ ሥራው። ሶኬቱን ነቅለሃል? ሸክላው የሚቀመጥበትን ጎማ ምንጣፍ አንሳ። መሀል ዘንጉ ላይ ክሊፕ አለ፣ በቀጭን ካቻቢቴ አውጣው፣ እንዳይፈናጠር በጣትህ ያዘው። ሳህኑን በሁለት እጅ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ሳበው። ጎማዋ ከጎን ትታይሃለች። ጥፍርህን በዙሪያዋ አስኪድ፣ ጎድጓዳውን ታገኘዋለህ። አውጥተህ በአልኮል እጠባት። ከዚያ ትራፓኖ ላይ አስረህ ቀስ እያልክ አሽከርክራት፣ ለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት አስጠጋላት። ክብ እስክትሆን ብቻ። ብታንስ ፍጥነቱን አትለውጠውም፣ አትፍራ። ፍጥነቱን የሚወስኑት የሞተሩ ዘንግና የሳህኑ ጠርዝ ናቸው። የደረቀውን ግራሶ ጠርገህ አውጣ፣ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ የሳህኑ መሀል ዘንግ ላይ አድርግ። ጎማዋ ላይ ዘይት እንዳይነካ።

ባለፈው ክረምት አንድ ማጫወቻ መጣልኝ፣ ጎማዋ ላይ ናስትሮ ተጠቅልሎባት፣ ዘንጉ የምግብ ዘይት ጠጥቶ። ዘይቱ እንደ ሙጫ ሆኗል። አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። አዲስ ብለው የሚሸጧቸው ርካሽ ጎማዎችም አያስደስቱም፣ ሙቀት ሲነካቸው ይለጠጣሉ። ያረጀችው ተሞርዳ ትሻላለች።

ሳንቲሙን ዛሬውኑ ላጥ። የእነዚህ ማጫወቻዎች ክንድ ያለ ሳንቲምም ከባድ ነው። ያንን ጨምረህ ስታጫውት መርፌው ሸክላውን ያርሰዋል። መርፌውም ቢሆን በላስቲክ ተቋጥሮ ከሚሸጠው አይሁን፣ ጫፉ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የተሰበረ ድንጋይ ይመስላል። የሚገለበጥ መርፌ ከሆነም 78 የሚለው ጎን እንዳይሆን፣ ለኤል ፒ፣ ማለት በ33 ለሚዞረው ሸክላ፣ ወፍራም ነው።

ስትገጥም መጨረሻ ላይ ሶኬቱን ሰካ፣ ከዚያ በፊት አይደለም። እየዞረም ውስጡን በጣትህ እንዳትነካ። ፍጥነቱን ለማየት ክብ ወረቀት ላይ 180 እኩል ጥቁር መስመሮች አሳትም። እንደ ሸክላ አስቀምጠው፣ በሽቦ አምፖል ወይም በድሮ ሸምበቆ መብራት ስር አዙረው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ 33 ላይ መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ። ኤል ኢ ዲ አምፖል ብዙ ጊዜ ለዚህ አይሆንም። አጫውተህ ስትጨርስ ሁልጊዜ የፍጥነቱን ቁልፍ መሀል ላይ መልሰው፣ ጎማዋ ከሞተሩ ዘንግ ትላቀቅ።

አንዱ ዋይ የሚለው ሸክላ ሌላ ጉዳይ ነው። በየዙሩ አንዴ ከሆነ ቀዳዳው ከመሀል ወጥቶ ተበስቷል። ሲዞር ክንዱን እይ፣ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ቀዳዳውን በቀጭን ክብ ሞረድ በጥቂቱ አስፋው። ከዚያ ሸክላውን በጣትህ በትንሽ በትንሹ እየገፋህ ክንዱ መወዛወዝ የሚያቆምበትን ቦታ ፈልግ። መለያው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግበት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ፍለጋ አያስፈልግህም።