ማፕ ሲገለበጥ ምን ይጠፋል?

ሰሞኑን ከጎንደር የደረሱኝ ሦስት ጥያቄዎች ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ ማፕ (በፕሮግራም ውስጥ ቁልፍን ከእሴት ጋር አጣምሮ የሚይዝ መዝገብ) ስለ መገልበጥ። ቁልፉ እሴት፣ እሴቱ ቁልፍ ሲሆን ማለት ነው።

«ለጎብኚዎች የሚሆን አፕ በጃቫ እየሠራሁ ነው። ቁልፉ የሕንፃው ስም፣ እሴቱ ያሠራው ንጉሥ ነው። ስገለብጠው ሕንፃ ይጠፋብኛል፤ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ተርጉሞ ስህተት የሚፈትሸው ፕሮግራም) ግን ምንም አይልም።» (ከፒያሳ)

ወንድሜ፣ የምትገለብጥበት ሉፕ (ተደጋጋሚ ኮድ) ደህና ነው። የፋሲል ግንብን ለአፄ ፋሲል፣ የኢያሱን ግንብ ለቀዳማዊ ኢያሱ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንም ለቀዳማዊ ኢያሱ መዝግበሃል እንበል። ስትገለብጠው «ቀዳማዊ ኢያሱ» ሁለቴ ቁልፍ ሊሆን ነው። ማፕ ደግሞ አንድን ቁልፍ ሁለቴ አይዝም፤ ኋላ የመጣው የፊተኛውን ይተካዋል። ሦስት ሕንፃ አስገብተህ ሁለት ታወጣለህ። እቴጌ ምንትዋብን ስትጨምር የግቢው ግንብና ቁስቋም እንዲሁ ይጋጩብሃል። ኮምፓይለሩ የሚያየው ታይፑን (የመረጃውን ዓይነት) ብቻ ነው። ስትሪንግ (ጽሑፍ) በስትሪንግ ቦታ ከገባ ይበቃዋል፤ መደጋገሙን አያውቅም።

ስለዚህ አዲሱ ማፕ ከንጉሥ ወደ ሕንፃዎች ሊስት ይሁን። እሴቶቹ አይደገሙም ብለህ የምታምን ከሆነም አጣራ። ማፕ ውስጥ የሚያስገባው የጃቫው ‹ፑት› ቁልፉ ቀድሞ ከነበረ የድሮውን እሴት ይመልስልሃል። መልሱ ‹ነል› (ባዶ) ካልሆነ አንድ ነገር ተተክቷል። ብዙዎቻችን ይህን መልስ ሳናየው እናልፋለን፤ እባካችሁ እዩት።

«በታይፕስክሪፕት የመቀመጫ ቁጥርን ቁልፍ፣ ስምን እሴት አድርጌ በተራ ኦብጀክት (የቋንቋው የራሱ የቁልፍና እሴት መያዣ) ያዝኩ። ገልብጬ 70 ላይ 1 ስደምር 701 አለኝ! በ‹አዝ› (ለኮምፓይለሩ ታይፑን በሚነግረው ቃል) ቁጥር ነው ብየው ነበር።» (ከማራኪ)

እህቴ፣ ተራ ኦብጀክት ቁጥር ብትሰጪውም ቁልፉን ስትሪንግ አድርጎ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ 70 እና 1 ተቀጣጠሉ እንጂ አልተደመሩም። ‹አዝ› ኮምፓይለሩን ዝም ያሰኘዋል እንጂ እሴቱን አይለውጥም። ስትገለብጪ በ‹ነምበር› ወደ ቁጥር ቀይሪው። ከመነሻው ‹ማፕ› ብትጠቀሚ ደግሞ ይሻላል፤ ቁጥሩ ቁጥር እንደሆነ ይቆያል።

«በጎ ቋንቋ እሴቴ ስላይስ (የአባላት ዝርዝር) ነው። መገልበጥ እምቢ አለኝ።» (ከአዘዞ)

ጎ እውነቱን ነው። ሁለት ስላይሶች በእኩልነት ምልክት ስለማይነጻጸሩ ስላይስ ቁልፍ አይሆንም። ውስጡ ገብተህ እያንዳንዱን አባል ለብቻው ቁልፍ አድርገው። አንድ አባል በሁለት ስላይሶች ውስጥ ካለ ግን የፒያሳው ልጅ ችግር አንተም ላይ ይመጣል፤ እሴቱን ሊስት ማድረግ ነው።