መልስ፦ የፍሬዛ ማያያዣ ዳዶ በቶርኖ ስለ መሥራት

ወንድሜ፣ የቶርኖህ ፍሬዛ ማያያዣ (ቶርኖ ላይ ታስሮ የፍሬዛ ሥራ የሚያሠራው) እጀታ ሩብ ዙር በባዶ እየዞረ ስለሆነ ዳዶውን፣ ማለትም ቪቱ (ጥርስ ያለው ዘንግ) የሚዞርበትን፣ ከምን ልሥራው ብለሃል። በብሮንዝ ሥራው። ምናለሽ ተራ ስትፈልግ ቢጫውን ብራስ ተወው፣ ቶሎ ይበላል። በሞረድ ስትነካው ቀላ የሚለውን ምረጥ፤ የድሮ ፓምፕ ቡሽ (የዘንግ ማረፊያ ቀለበት) ጥሩ ነው።

ከሁሉ በፊት ቪቱን ለካ። መሃሉ ስለሚበላ ጫፉን ለካ፣ ያውም አንድ ጥርስ ሳይሆን አሥር። 25 ሚሜ ከመጣ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 2.5 ሚሜ ነው፤ 25.4 ከመጣ ግን በኢንች 10 ጥርስ ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ብሮንዙን ይጥላል። የግራ ጥርስ መሆን አለመሆኑንም እይ፤ የግራ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ ቪቱ 16 በ4 ትራፔዞይዳል (ጎኑ ዘንበል ያለ ጥርስ፤ ውፍረቱ 16 ሚሜ፣ ከጥርስ ጥርስ 4 ሚሜ) ከሆነ የዳዶው ቀዳዳ 12 ሚሜ፣ የመቁረጫው ማዕዘን 30 ዲግሪ፣ የመቁረጫው አፍ ስፋት 1.3 ሚሜ ገደማ፣ የጥርሱ ጥልቀት 2.25 ሚሜ ነው። ጥርሱ 5 ዲግሪ ያህል ስለሚያጋድል መቁረጫውን በሚሄድበት ጎን 8 ዲግሪ ያህል ካልሳልከው ጎኑ እያሸ ጥርሱን ያበላሻል። በደቂቃ 60 ዙር ይበቃል፤ በአንድ ጊዜ 0.1 ሚሜ ብቻ ግባ። ቀጭኑ የመቁረጫ ዘንግ ስለሚጎብጥ መጨረሻ ላይ ጥልቀት ሳትጨምር ሁለት ሦስቴ አሳልፈው።

የማሰሪያውን ቡሎን ቀዳዳ ዳዶው ቪቱ ላይ ገብቶ ቦታውን ከያዘ በኋላ ብቻ ብሳ፤ ቀድመህ ከበሳህ ዳዶው ዳር ላይ ይጣበቃል። አዲሱ ዳዶ ጫፍ ላይ ጠብቆ መሃል ላይ ከላላ ያለቀው ቪቱ ነው፣ እሱንም መቀየር አለብህ።