ጎርፍ የዋጠው ማስታንግ

ጥያቄ፦ ሻርጃ ነው የምኖረው። በኤፕሪል 16፣ 2024ቱ ዝናብ ፎርድ ማስታንግ መኪናዬ ቆሞ እያለ ውሃ እስከ ወንበሩ ገባበት። አሁን ደርቋል፣ ላስነሳው? ወይስ ሌላ ልግዛ? ወንድሜ ደግሞ አዲስ አበባ ላከው ይለኛል።

መልስ፦ ኧረ እንዳታስነሳው! ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ ተርፎ ሞተሩን ካዞርከው ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ይጣመማል፣ ያኔ ሊተርፍ ይችል የነበረ ሞተር አለቀለት ማለት ነው። ባትሪውን አስፈታ፣ ፎቶ አንሳ፣ በሪከቨሪ (በመኪና ጎታች) አስጎትት። የሞተሩ ዘይት የወተት ሻይ መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል። ሙሉ ኢንሹራንስ ካለህ ጎርፍን ይሸፍን እንደሆነ ውሉን አንብብ። ሦስተኛ ወገን ብቻ (በሌላ ሰው ላይ ያደረስከውን ጉዳት ብቻ የሚሸፍነው) ከሆነ ግን ከኪስህ ነው። ቶታል ሎስ (ለመጠገን የማያዋጣ) ካሉህ እኔ ብሆን ብሩን እቀበላለሁ፤ ሽቦው ውስጥ ውስጡን ዝጎ ጉዱ የሚወጣው ከወራት በኋላ ነው።

ሌላ ስትገዛ ደግሞ ተጠንቀቅ፣ ከዚያው ጎርፍ ወጥቶ የተወለወለ መኪና ገበያው ላይ አይጠፋም። የወንበሩን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ሳበው፤ የጭቃ መስመር ካየህ ውልቅ በል። የኋላውን ዕቃ መጫኛ ምንጣፍ ገልጠህ ዝገት ፈልግ። ሽቶ የበዛበትንም አልወድም፤ የእርጥበት ሽታ መደበቂያ ሊሆን ይችላል።

አዲስ አበባውን እርሳው፤ ኢትዮጵያ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት በ2024 ከልክላለች።